ለትንሽ ሱቅ የካርድ ክፍያ ድርጅቶችን ማመን እስከምን ድረስ?

ሰላም ለሁላችሁ። ሱቅ ልትከፍት ያሰበች አንድ እህት ሰሞኑን ደውላ "ስኩዌር ይሻላል ስትራይፕ? ወይስ የነሱ ጣጣ ከሚመጣብኝ በቃ ዜል ብቻ ልቀበል?" ብላ ጠየቀችኝ (ዜል ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ ገንዘብ የሚላክበት ነው)፣ ስልክ ላይ የነገርኳት ግማሹን ብቻ ስለሆነ ሌላውም ሰው ይጠቀምበት ብዬ ረዘም አርጌ ልጻፈው። መልሴን ከፊት ላስቀምጥ፦ እነዚህን ስኩዌርና ስትራይፕ የሚባሉትን የካርድ ክፍያ ድርጅቶች ካርድ እንዲቀበሉልን እንመናቸው፣ ገንዘብ እንዲያስቀምጡልን ግን አንመናቸው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ብዙ ሰው ግን አንድ አርጎ ያያቸውና ወይ ጭራሽ አላምንም ብሎ ደንበኛ ያጣል፣ ወይ ደግሞ አንዴ ካመነ የወር ሽያጩን በሙሉ እዛው አፑ ውስጥ ትቶ ይተኛል።

እኔና ባለቤቴ እዚህ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ትንሽ የባልትና ሱቅ አለችን። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ፣ ጥሬ ቡና፣ ቆሎ፣ በበዓል ሰሞን ደግሞ ጌሾና ብቅል እንይዛለን። ግማሹ ሽያጭ እዚሁ ሱቁ ውስጥ ነው፣ ሌላው ግማሽ በዌብሳይት ነው፣ ሀበሻ ሱቅ በቅርብ ለሌላቸው ወደ አይዋ፣ ወደ ኦክላሆማ ምናምን እንልካለን፣ ሚኒሶታና ዴንቨርም ቋሚ ደንበኞች አሉን። እና ይሄ የካርድ ነገር ለኛ የህልውና ጉዳይ ነው፣ የሚከፍልበት መንገድ ከሌለ አይዋ ያለችው እናት ከኛ ሽሮ አትገዛም።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሰራ ካልገባን ማመንና አለማመን ብሎ ማውራት ራሱ አይቻልም። ደንበኛው ካርዱን ሲያስነካ ገንዘቡ ቀጥ ብሎ ወደኛ አይመጣም። ካርዱን የሰጠው ባንክ አለ፣ መሃል ላይ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ አለ፣ በኛ በኩል ደግሞ ገንዘቡን የሚቀበል ባንክ አለ፣ በዛ ባንክና በኛ መሃል ፕሮሰሰሩ፣ ማለት እንደ ስኩዌርና ስትራይፕ ያለው ድርጅት፣ ይቆማል። ድሮ አንድ ሱቅ ካርድ ልቀበል ካለ የራሱን መርቻንት አካውንት (ካርድ ለመቀበል ባንክ ጋ የሚከፈት የነጋዴ አካውንት) ማውጣት ነበረበት፣ ባንኩ ክሬዲት ያያል፣ የቢዝነስ ላይሰንስ፣ የኪራይ ውል፣ የታክስ ወረቀት ይጠይቃል፣ ሳምንታት ይፈጃል፣ ክሬዲት ያልገነባ አዲስ መጪ እዛው ላይ ይቀር ነበር። ስኩዌር በ2009፣ ስትራይፕ በ2010 ከተመሰረቱ ወዲህ ነገሩ ተቀየረ። ትልቁን አካውንት እነሱ ይይዙና እኛን ከስሩ ያስገቡናል፣ ትልቅ ሱቅ ውስጥ አንድ መደርደሪያ እንደመከራየት በሉት። ለዛ ነው በአስር ደቂቃ አካውንት የሚከፈተው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ በአስር ደቂቃ የገባነው ማንም በደንብ ስላልመረመረን ነው፣ ምርመራው ይዘገያል እንጂ አይቀርም። የሚመጣው ደግሞ ሽያጭ ሲቀዘቅዝ ሳይሆን ሞቅ ሲል ነው፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ የሚያየው "ይሄ ሱቅ በወር ይሄን ያህል ይሸጥ ነበር፣ ዛሬ በሳምንት ሦስት እጥፍ ሸጠ" የሚለውን ብቻ ነው።

እኛ ላይ የደረሰው የ2016 ዓቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው፣ በፈረንጅ 2024 መሆኑ ነው። ጾም ሲቃረብ ሽሮና ምስር በአንዴ እንደሚነሳ ሀበሻ ሁሉ ያውቃል፣ የፕሮሰሰሩ ኮምፒውተር ግን አያውቅም። ትእዛዝ እየጎረፈ፣ እኛም ሌሊት ሁሉ እያሸግን፣ አንድ ቀን ጠዋት ኢሜይል መጣ፦ አካውንታችሁ ላይ ያልተለመደ እንቅስቃሴ ስላየን ፔይአውት (ገንዘቡን ወደ ባንካችሁ መላክ) ለጊዜው አቁመናል፣ የአቅራቢዎቻችሁን ኢንቮይስ ላኩ። ልብ በሉ፣ ካርድ መቀበሉ አልቆመም፣ ደንበኛው ይከፍላል፣ እኛ እቃ እንልካለን፣ የፖስታውን ከኪሳችን እንከፍላለን፣ ገንዘቡ ግን እነሱ ጋ ይጠራቀማል። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም ሌሎቹም ውላቸው ውስጥ ይሄው መብት አላቸው፣ ስም ብጠራ ሌላኛው ጋ ሄዳችሁ የዳናችሁ ይመስላችኋል።

ኢንቮይስ ላኩ ሲሉን ወዲያው ላክን፣ ወረቀት እንይዛለን። በርበሬው አዲስ አበባ የሚዘጋጅበት ቤት ደረሰኝ ይሰጠናል፣ የካርጎው ወረቀት አለ፣ ምግብ ስለሆነ ለአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ለኤፍዲኤ ቀድሞ የሚሞላው ማስታወቂያም አለ። ታዲያ ደረሰኙን መለሱት። ለምን በሉኝ፦ ቀኑ "ጥር 2016" ነው የሚለው፣ መርማሪው የስምንት አመት የቆየ ኢንቮይስ ነው ብሎ አሰበ! በኛ አቆጣጠር የዚያው አመት ጥር ነው፣ በነሱ ጃንዋሪ 2024። ይሄን ለማስረዳት ቻት ላይ ያለው ሰው በተቀያየረ ቁጥር ከሀ ጀምረን ነበር የምናወራው። በመጨረሻ ባለቤቴ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈ፣ ደረሰኙን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ከጎኑ የሁለቱን አቆጣጠር ቀን አስቀመጠ፣ ከካርጎው ወረቀት ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን በቀይ ከበበና አያይዞ ላከ፣ እሱ ሲደርሳቸው ነው የገባቸው። ገንዘቡ ተለቀቀ፣ አንድ ሳንቲም አልጎደለም፣ ይሄን በሀቅ መናገር አለብኝ፣ ሌቦች አይደሉም። ግን የቤት ኪራይ ቀን እነሱን አይጠብቅም፣ ለበርበሬ አቅራቢዋ የሚላክላትም ገንዘብ አይጠብቅም። ሌላ ባንክ ውስጥ ለኪራይ የተቀመጠ ባይኖረን ምን እንሆን እንደነበር ሳስበው አሁንም ይጨንቀኛል።

ስለዚህ ከአገር ቤት እቃ የምታስመጡ ሰዎች ይሄን ስሙኝ፦ አቅራቢያችሁ ደረሰኝ ላይ የፈረንጁንም ቀን አብሮ እንዲጽፍ አርጉ። ስማችሁ ደረሰኙ ላይና ፕሮሰሰሩ ጋ አንድ አይነት ፊደል ይሁን፣ አንዱ ጋ በአንድ ኤስ ሌላው ጋ በሁለት ኤስ ከሆነ እሱም ጣጣ ነው። በዓል ወይም ጾም ሲቃረብ ቀድማችሁ ጻፉላቸው፣ "በዚህ ወር ሽያጫችን ይጨምራል፣ ምክንያቱ ይሄ ነው፣ ያምናውም እንደዚህ ነበር" ብላችሁ። እኛ ከዛ ወዲህ ለፋሲካም ለእንቁጣጣሽም እንደዛ እናረጋለን፣ ያንን ማስታወሻ ማን እንደሚያነበው ባናውቅም ፋይላችሁ ውስጥ መኖሩ በራሱ ጥሩ ነው፣ ጥያቄ ሲመጣ "ቀድመን ነግረናችኋል" ለማለት።

ፔይአውቱን ደግሞ በየቀኑ አርጉት። ብዙዎቹ ሴቲንግ ውስጥ በየቀኑ፣ በየሳምንቱ፣ በየወሩ የሚል ምርጫ አላቸው፣ ለሂሳብ ይመቻል ብሎ በየወሩ የሚያረገው ሰው አለ፣ እባካችሁ አታርጉት። የገባው ገንዘብ በገባ ማግስት ወደ ባንክ ይሂድ፣ ባንክ ሲገባ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ከሚያውቀው ቼኪንግ ወደ ሌላ እነሱ ወደማያውቁት አካውንት አዛውሩት። ይሄን የምለው ሪፈንድ ወይም ዲስፒዩት (ደንበኛ ባንኩ ጋ የሚያነሳው ቅሬታ) ሲመጣ ባላንሳችሁ ካልበቃ ከተገናኘው ባንክ አካውንት ቀጥታ መቁረጥ ስለሚችሉ ነው፣ የፈረማችሁት ውል ይፈቅድላቸዋል። እዳ ካለ መክፈላችን ግድ ነው፣ ግን የሰራተኛ ደሞዝ የተቀመጠበት ላይ ድንገት ገብተው ቼክ እንዳይመልሱብን ማለቴ ነው።

ባንክ ያልሆነ ድርጅት ጋ ገንዘብ ማስቀመጥ ምን እንደሚያመጣ ከሁለት ትልልቅ ጉዳዮች ማየት ይቻላል። አንዱ የጀርመኑ ዋየርካርድ ነው፣ የካርድ ክፍያ የሚያቀናብር፣ በስቶክ ገበያ የተመዘገበ የተከበረ ኩባንያ ነበር፣ በጁን 2020 1.9 ቢሊዮን ዩሮ አለ የተባለው የለም ተባለና ወደቀ። እንግሊዝ አገር ያለው ቅርንጫፉ በተቆጣጣሪው ትእዛዝ ሲታገድ በሱ በኩል የሚሰሩ አፖችና ካርዶች ለቀናት ተዘጉ፣ ጥፋት የሌለበት ሰው የራሱን ብር ማውጣት አቃተው። ሁለተኛው እዚሁ አሜሪካ ነው፣ ሲናፕስ የሚባል በፋይናንስ አፖችና በባንኮች መሃል የሚሰራ ድርጅት በኤፕሪል 2024 ባንክራፕሲ ገባ፣ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ገንዘቡ ታገደበት፣ ሲቆጠር ከ65 እስከ 96 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ጉድለት ተገኘ። እነዛ ሰዎች አፑ ላይ ኤፍዲአይሲ (ለባንክ ተቀማጭ ገንዘብ ዋስትና የሚሰጠው የመንግስት ድርጅት) የሚል ጽሁፍ እያዩ ነበር ያስቀመጡት። ግን ኤፍዲአይሲ የሚከፍለው ባንኩ ሲወድቅ ነው፣ መሃል ላይ ያለው ድርጅት ሲወድቅ አይደለም። በኦንላይን ካርድ የምንቀበልበት አፕ ላይ የሚታየው ባላንስም ባንክ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ቁጥር ነው፣ እንደዛ አርጋችሁ እዩት።

አሁን ወደ ክፍያው። በኦንላይን የተለመደው 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ነው፣ ሱቅ ውስጥ ካርዱ ሲነካ ከዛ ትንሽ ያንሳል። ሰው መቶኛውን ነው የሚያየው፣ ትንሽ እቃ የሚሸጥ ሰው ግን 30 ሳንቲሟ ናት የምትጎዳው። ስድስት ዶላር የሚሸጥ ቆሎ በኦንላይን ብሸጥ 47 ሳንቲም ይሄዳል፣ ወደ ስምንት በመቶ ማለት ነው። የ80 ዶላር ትእዛዝ ላይ ግን 2 ዶላር ከ62 ነው፣ 3.3 በመቶ ገደማ። ለዛ እኛ በዌብሳይት ዝቅተኛ ትእዛዝ አስቀምጠናል፣ ትንንሾቹንም ሦስት ሦስት እያረግን በአንድ ላይ ነው የምንሸጠው። ሪፈንድ ስታረጉ ደግሞ ብዙዎቹ መጀመሪያ የቆረጡትን ክፍያ አይመልሱላችሁም፣ ይሄንን ዋጋ ስታወጡ አስቡት። "ቶሎ ላድርስልህ" እያሉ ለፈጣን ፔይአውት ተጨማሪ የሚቆርጡት ላይ አትግቡ፣ አንድ ቀን ታግሶ በነጻ መውሰድ እያለ።

ዜል ብቻ ልቀበል ለምትለው እህቴ ደግሞ፣ አዎ ክፍያ የለውም፣ ሰፈር ውስጥ ለሚያውቀን ደንበኛ እኛም እንቀበላለን። ግን የማያውቀን ሰው በዜል አይገዛም፣ ትክክልም ነው፣ አንዴ ከላከ በኋላ እቃው ባይደርሰው እንደ ክሬዲት ካርድ የሚያስመልስበት መንገድ የለውም። በግል አካውንት የሱቅ ገንዘብ መቀበል ደግሞ በታክስ ጊዜ የግሉንና የሱቁን መለየት እስኪያቅት ያደባልቀዋል። ካርድ መቀበል ማለት ለማያውቀን ሰው ዋስትና መስጠት ነው፣ የምንከፍለው ሦስት በመቶ ትልቁ ክፍሉ ለዛ ነው ብዬ ነው የማስበው።

ስለ ኤጀንቶቹ ካልተናገርኩ ቅር ይለኛል። ሀበሻ ሱቅና ሬስቶራንት የሚዞሩ የካርድ ማሽን ሻጮች አሉ፣ አንዳንዶቹ የኛው ልጆች ናቸው፣ ቡና እየጠጡ በአማርኛ ነው የሚያወሩት። እኛም ጋ አንዱ መጥቶ "እህቴ ዜሮ ነው የምትከፍዪው፣ ማሽኑም በነጻ ነው፣ እቺን ብቻ ፈርሚልኝ" አለኝ፣ ታብሌቱን ዘረጋልኝ። "ኮፒውን ላክልኝና ማታ ከባለቤቴ ጋ እናነበዋለን" ስለው ፊቱ ተቀየረ። ማታ ስናነበው የማሽኑ ነገር ሌላ ውል ነው፣ ከሌላ የሊዝ ኩባንያ ጋር፣ ለ48 ወር፣ ማቋረጥ አይቻልም ይላል፣ ሱቁ ቢዘጋ እንኳ በግል እከፍላለሁ የሚል ፊርማ ያለበት። ጥቂት መቶ ዶላር በሚገዛ ማሽን ላይ በአራት አመት ሺዎች ማለት ነው። ዜሮ የተባለው ደግሞ ክፍያው ደንበኛው ላይ ስለሚጨመር ነው እንጂ የጠፋ ክፍያ የለም። ይሄ ነገር የኛ ሰው ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም፣ በ2022 የአሜሪካው የንግድ ተቆጣጣሪ ኤፍቲሲ ፈርስት አሜሪካን ፔይመንት ሲስተምስ የሚባለውን ድርጅት ከሶ 4.9 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል፣ ክሱ ላይ ከተጠቀሱት ባለ ሱቆች ብዙዎቹ እንግሊዝኛ በደንብ የማይችሉ ነበሩ። ስለዚህ ኦንላይን ያሉትን ፈርቶ "ሰው በአካል የሚመጣው ይሻላል" ብሎ ወደዚህ መሄድ መፍትሄ አይደለም፣ ቢያንስ እነ ስኩዌርና ስትራይፕ ዋጋቸውን ሁሉም በሚያየው ቦታ ይጽፋሉ፣ ስንፈልግ ደግሞ ያለ ቅጣት ትተን እንወጣለን። እናቶቻችንና አባቶቻችን ላይ በአማርኛ እያወሩ እንደዚህ አይነት ውል የሚያስፈርሙ ሰዎች በጣም ያናድዱኛል፣ እባካችሁ ወላጆቻችሁ ሱቅ ካላቸው ሳታነቡላቸው አይፈርሙ።

ከሁሉም በላይ ትንሽ ሱቅ የሚጎዳው ግን ቻርጅባክ ነው፣ እዚህ ላይ ልቆይበት። ደንበኛ ወደ ባንኩ ደውሎ "ይሄን እኔ አልከፈልኩም" ወይም "እቃው አልደረሰኝም" ካለ ባንኩ ገንዘቡን ከኛ ወስዶ ይመልስለታል፣ እኛ ማስረጃ አቅርበን ካሸነፍን ይመለሳል። ገንዘቡ መጀመሪያ ነው የሚወሰደው፣ ክርክሩ በኋላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እስከ 120 ቀን ድረስ መጠየቅ ይቻላል፣ ማለት ለገና የሸጣችሁት ለፋሲካ ሊመለስባችሁ ይችላል። ብዙ ፕሮሰሰሮች በአንዱ ላይ 15 ዶላር አካባቢ ይጨምሩበታል። የ64 ዶላር ትእዛዝ ላይ ብንሸነፍ 64ቱ፣ 15ቱ፣ በርበሬው፣ ፖስታው፣ መጀመሪያ የተቆረጠውም ክፍያ አብሮ ሄደ ማለት ነው። ይሄ እየበዛ ከሄደ ደግሞ፣ ከመቶ ሽያጭ አንዱ ገደማ ሲሆን፣ አደገኛ ነጋዴ ናችሁ ብለው አካውንት ይዘጋሉ፣ ከባድ ከሆነ ማች የሚባል የማስተርካርድ ዝርዝር ላይ ይገባል፣ እዛ የገባ ስም አምስት አመት ይቆያል፣ አምስት አመት ሙሉ ሌላ ፕሮሰሰር ማግኘት መከራ ነው።

ሱቅ ውስጥና ዌብሳይት ላይ ያለው ልዩነት ደግሞ ትልቅ ነው። ከኦክቶበር 2015 ጀምሮ እዚህ አገር ቺፕ የሚያነብ ማሽን ያለው ሱቅ ውስጥ በተሰረቀ ወይም በተጭበረበረ ካርድ ቺፑን አስገብቶ የከፈለ ሰው ካለ ኪሳራው በአብዛኛው የባንኩ ነው። ዌብሳይት ላይ ግን ካርዱ በአካል ስለሌለ ኪሳራው የነጋዴው ነው። ፕሮሰሰሩ "ክፍያው ጸድቋል" ብሎ አረንጓዴ ምልክት ስላሳየን ብቻ ገንዘቡ የኛ ሆነ ማለት አይደለም፣ ይሄን በደንብ ያዙልኝ። የጸደቀው ካርዱ ላይ ገንዘብ መኖሩ ብቻ ነው።

ከመጡብን ዲስፒዩቶች ውስጥ ሌብነት ያልሆነው ይበዛል። ዴንቨር ያሉ አንዲት እናት ሽሮና በርበሬ አዘዋል፣ ደርሷቸዋል፣ ከዛ ባንካቸው ዲስፒዩት ላከ። ደወልኩላቸው፣ "እማማ፣ እቃው አልደረሰዎትም እንዴ?" ስላቸው "ውይ ልጄ፣ የሽሮው ነው እንዴ! እኔኮ የማላውቀው ስም ሳይ ሌባ መስሎኝ ለልጄ ነግሬያት ባንክ ደወለች" አሉኝ። ስቴትመንታቸው ላይ የወጣው የሱቁ ስም አይደለም፣ ቢዝነሱ የተመዘገበበት የኤልኤልሲው ስም ነው፣ እሱ ደግሞ ሽሮም በርበሬም አይመስልም። ልጃቸው ባንክ ደውላ ዲስፒዩቱን አነሳች፣ ማንሳቷንም በጽሁፍ አስላክናት፣ ያንን ከትራኪንጉ ጋር አርገን አስገባን። ደንበኛው አነሳሁት ቢልም ማስረጃ ማስገባት ግድ ነው፣ አንዳንዱ "ተስማምተናል" ብሎ ዝም ይልና ቀኑ አልፎ ይሸነፋል። ቀነ ገደቡ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 21 ቀን ነው። እና አሁኑኑ የምትችሉት ነገር፣ ፕሮሰሰሩ ሴቲንግ ውስጥ ስቴትመንት ላይ የሚወጣውን ስም ሰው በሚያውቀው የሱቅ ስም ቀይሩት፣ ቦታ ከተረፈ ስልክ ቁጥራችሁንም ጨምሩበት። ደንበኛ ከባንኩ በፊት ለእናንተ እንዲደውል። ከዛ ወዲህ እኛ ጋ እንደዛ አይነቱ ዲስፒዩት በጣም ቀንሷል።

እውነተኛው ሌባ ደግሞ መልኩ ሌላ ነው። ከዚህ በፊት ገዝቶ የማያውቅ ሰው በአንዴ ብዙ ኪሎ ጥሬ ቡና ያዛል፣ ዋጋ አይጠይቅም፣ ፖስታው በጣም ውዱን ፈጣኑን ይመርጣል፣ ባለካርዱ ያለበት ስቴትና እቃው የሚላክበት ስቴት አይገናኝም፣ የሚላክበት አድራሻ ጉግል ላይ ሲታይ ቤት ሳይሆን እቃ ወደ ውጭ የሚያስተላልፍ መጋዘን ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ስናይ የጸደቀው ካርድ ከመግባቱ በፊት ሌሎች ካርዶች ተሞክረው ወድቀዋል። እንደዛ ሲሆን ደውሉ፣ ስልክ ካላነሳ አትላኩ፣ ሪፈንድ አርጉት። ቡና የሚወድ ሰው ቢሆን ኖሮ ስልኩን ያነሳል። ኤቪኤስ የሚባለውን የአድራሻ ማመሳከሪያና ሲቪቪ የሚባለውን ከካርዱ ጀርባ ያለውን ቁጥር ካልገጠመ ውድቅ እንዲያረግ ሴቲንጉን አብሩት፣ አንዳንዱ ሲከፈት ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ከፍ ላለ ትእዛዝ ደግሞ ሥሪ ዲ ሴኪውር የሚባለውን፣ ባንኩ ለባለካርዱ ስልክ ኮድ ልኮ የሚያረጋግጠውን ተጠቀሙ፣ በሱ ካለፈ በኋላ "እኔ አይደለሁም" የሚለው ክርክር ብዙውን ጊዜ ወደ ባንኩ ይዞራል። ፖስታውም ላይ እንደዚሁ፣ ውድ የሆነውን በፊርማ ላኩ፣ ትራኪንግ የሌለው ጥቅል ክርክር ላይ እንዳልተላከ ነው የሚቆጠረው።

አንድ ሌላ ደግሞ አለ፣ ካርድ ቴስቲንግ ይሉታል። የተሰረቀ የካርድ ቁጥር የገዙ ሰዎች የትኛው እንደሚሰራ ለመሞከር ትንሽ ሱቅ ይፈልጋሉ፣ ርካሽ እቃ መርጠው በሮቦት ሌሊቱን ሙሉ ካርድ በካርድ ላይ ያስገባሉ። እኛ ላይ የመረጡት ትንሿን የሚጥሚጣ ናሙና ነበር፣ ጠዋት ስልኬን ስከፍት ከላይ እስከታች የወደቀ ክፍያ ብቻ ነው። የቤተክርስቲያንና የእድር የመዋጮ ገጾች ላይም ይሄ ይበዛል፣ የፈለጉትን መጠን ስለሚያስገቡ። ያለፉትን ሁሉ ያኔውኑ ሪፈንድ አርጉ፣ ባለካርዱ ቀድሞ ካየው እያንዳንዱ ቻርጅባክ ይሆናል። ከዛ ካፕቻ (የሚከፍለው ሮቦት አለመሆኑን የሚያጣራውን) አስገቡ፣ ዝቅተኛ መጠን አስቀምጡ። እና የካርድ ቁጥር በፍጹም፣ በፍጹም ወረቀት ላይ ወይም በቴክስት አትቀበሉ። "ልጄ እኔ ኢንተርኔት አልችልም፣ ቁጥሩን ልንገርሽና አንቺ አስገቢልኝ" የሚሉ እናቶች አሉ፣ አሳዛኝ ነው እምቢ ማለቱ፣ ግን የክፍያ ሊንክ በቴክስት እልክላቸውና ስልክ ላይ ሆኜ እያገዝኳቸው ራሳቸው ያስገባሉ።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለምትጠይቁኝ፣ እዛ ያለው ነገር ሌላ ነው። ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ቢዝነስ አካውንት አይከፍትም። ስለዚህ ብዙ ሰው አሜሪካ ያለ ዘመድ ስም ላይ አስከፍቶ ይሰራል፣ ይሄን አጥብቄ ነው የማልመክረው። የዘመዳችሁ ሶሻል ሴኪውሪቲ ቁጥር ነው ያለው፣ ገቢው በሱ ስም ለአሜሪካ የታክስ መስሪያ ቤት ለአይአርኤስ ይነገራል፣ ቻርጅባክ ሲመጣ እሱ ነው የሚጠየቀው፣ የሌላን ሰው ሽያጭ በራስ አካውንት ማሳለፍ ደግሞ ውል ማፍረስ ስለሆነ ሲደረስበት ይዘጋል፣ የታገደውን ገንዘብ የዘመድ ጸብ ይከተለዋል። አገር ውስጥ ለሚሸጥ እንደ ቻፓ፣ አሪፍፔይና ሳንቲምፔይ ያሉ ፈቃድ ያላቸው አሉ፣ ቴሌብርም በኛ አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ አለ። የባለቤቴ እህት ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ ትሸጣለች፣ እሷ ጋ ችግሩ ቻርጅባክ ሳይሆን የተቀናበረ ስክሪንሾት ነው፣ ሰው ልኬያለሁ ብሎ ስልኩን ያሳያትና ቀሚሱን ይዞ ሊወጣ ይላል። እሷ የሰውን ስልክ አታይም፣ የራሷን ባላንስ ነው የምታየው፣ ገበያ ሲበዛ ልጇን ለዛ ብቻ ታስቀምጣለች። "ኔትወርክ ነው የዘገየው" ለሚል "እንግዲያው ቡና ጠጡ እስኪገባ" ትላለች።

ወደኛ ልመለስና፣ ሁለተኛ ፕሮሰሰር ከጎን ይኑራችሁ። እኛ ሱቁ በአንዱ ነው፣ ዌብሳይቱ በሌላው ነው፣ ሁለቱም ጋ በየወሩ ሽያጭ እናሳልፋለን፣ አንዱ ቢዘጋ በዛው ቀን ወደ ሌላኛው ለማዞር። ለዓመታት ያልተነካ አካውንት ላይ ድንገት ሁሉን ብታዞሩ እሱም ይጠረጥራችኋል። ሽያጫችሁ እያደገ ሲሄድ ደግሞ ባንካችሁ ጋ የራሳችሁን መርቻንት አካውንት ጠይቁ፣ ወረቀቱ ይበዛል፣ ግን ምርመራው ከፊት ስለሆነ በጾም መግቢያ አይመጣባችሁም።

የታክሱን ነገር ላንሳና ላብቃ። በየዓመቱ መጀመሪያ ብዙውን ጊዜ 1099-ኬ የሚባል ቅጽ ይልኩላችኋል፣ ኮፒው አይአርኤስ ጋ ይሄዳል። እዛ ላይ የሚጻፈው ባንካችሁ የገባው ሳይሆን ጠቅላላ የተሸጠው ነው፣ ክፍያውም ሪፈንዱም ቻርጅባኩም ሳይቀነስ። ስለዚህ ባንክ ስቴትመንት ላይ ያለውን ደምራችሁ ብታስገቡ ከቅጹ ጋር አይገጥምም፣ ደብዳቤ ይመጣል። በየወሩ መጨረሻ ከዳሽቦርዱ ሪፖርቱን አውርዳችሁ ራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ፣ ጠቅላላው፣ የተቆረጠው፣ የተመለሰው ለየብቻ እንዲታይ። አካውንቱ አንድ ቀን ቢዘጋ ሪፖርቱም አብሮ ሊዘጋባችሁ ይችላል፣ አካውንታንታችሁ ግን በማርች መጠየቋ አይቀርም።